ጥፋቱ የጎማው ነው ወይስ የቸርኬው? ኋላው ለሚገፋ ስፖርት መኪና የበረዶ ጎማ ችግርና መፍትሄ

ብርዱ ገብቶ ጎማ ሲቀየር የሚመጣው ስሞታ ሁሌም አንድ ነው። «ጎማው ጥሩ አይደለም» ይባላል። ጎማው ይወርዳል፣ ይታያል፣ ምንም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቸርኬው ላይ ነው። ሰው የጎማ ብራንድ ሲያወዳድር ያመሻል፤ ቸርኬውን ግን «አምስት ቀዳዳ አለው፣ ይገባል» ብሎ ይገዛዋል። ስፖርት መኪና ደግሞ እንዲህ ያለውን ግምት አይምርም። ፍሬኑ ትልቅ ነው፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ የፊትና የኋላ ጎማው ስፋትም ብዙ ጊዜ ይለያያል።

ንፋስ መለካትና ቡሎን መጥበቁን ማየት የምታውቁት ነገር ስለሆነ እዘለዋለሁ።

ሲነሳ ኋላው ባለበት ይሽከረከራል

መጀመሪያ ጎማው በእርግጥ የበረዶ ጎማ መሆኑን እዩ። ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) መጻፉ ብዙ አይነግራችሁም። እሱን አምራቹ ያለ ምንም ፈተና በራሱ የሚጽፈው ነው። ማየት ያለባችሁ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ነው። እሱ የሚሰጠው በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ እንደ በረዶ ጎማ የምትቀበለው ይህ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው።

እግሩ ላይ ያለው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የበጋ ስፖርት ጎማ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከ7 ዲግሪ በታች መድረቅ ይጀምራል። በረዶ ባይኖርም፣ ደረቅ አስፋልት ላይም ይከዳችኋል። ከዜሮ በጣም ሲወርድ ላስቲኩ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በዚያ ብርድ መኪናውን ጨርሶ አታንቀሳቅሱ ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ጎማው ትክክለኛ ሆኖ አሁንም የሚሽከረከር ከሆነ ስፋቱን ጠርጥሩ። ሰፊ ጎማ ልቅ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ቆርጦ ይገባል። ስለዚህ ለብርድ ቸርኬውን አንድ ኢንች ዝቅ፣ ጎማውን ጠበብ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ከፋብሪካ ፊት 225/40 አር 18፣ ኋላ 255/35 አር 18 ለሆነ መኪና አራቱንም 225/45 አር 17 ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ መጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው። ስፋቱን በመቶኛው አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩበት። ጠቅላላ ቁመታቸው 637፣ 636 እና 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ ፍጥነት መቁጠሪያውም ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚያደርገው ኤቢኤስም አይናወጥም። ጎኑ ረዘም ያለ ጎማ ደግሞ በረዶ የሸፈነውን ጉድጓድ ይችላል፤ ጎኑ ያጠረው ቸርኬውን አሳልፎ ይሰጣል።

ይህ ሁሉም መኪና ላይ አይሠራም። እንደ ፖርሽ 911 ሞተሩ ኋላ የተቀመጠ መኪና በብርድም ኋላው ሰፋ ብሎ እንዲቀር ነው ፋብሪካው የሚያዘው። የመኪናው መጽሐፍ ውስጥ የበረዶ ጎማ መጠን ተጽፏል። ከእሱ አትውጡ።

የጎማው ጥርስ ከ4 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለበረዶ አልቋል። ሕጉ 1.6 ድረስ ቢፈቅድላችሁም በረዶው አይፈቅድም። ኦስትሪያ ውስጥ ከ4 በታች የሆነው እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም።

አንዳንዱ የኋላ ኮፈን ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭናል። ፒክአፕ ላይ ሊገባኝ ይችላል። ስፖርት መኪና ላይ ግን ከኋላ እግር ወዲያ የተቀመጠ ክብደት መንሸራተት ሲጀምር ኋላውን ይዞት ይሄዳል። ጎማውን አስተካክሉ፣ አሸዋውን ተዉት።

ይነሳል፣ ግን አይታጠፍም፣ አይቆምም

ምክንያቱን ሳላይ አውቀዋለሁ። የበረዶ ጎማ የገባው ኋላ ብቻ ነው። «ሞተሩ የሚገፋው ኋላውን አይደል? ሁለት ይበቃል» ብሎ ነው። መኪናው በደንብ ይነሳል፣ ሰውዬው ይደሰታል፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪውን ይጠመዝዛል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ክብደት ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ፊት ያለው ደግሞ የደረቀ የበጋ ጎማ ነው። ተቃራኒው፣ ፊት ብቻ ማስገባት፣ ከዚህም ይብሳል። ፍሬን ስትይዙ ኋላው ዞሮ ይቀድማችኋል።

መፍትሄው አራት ጎማ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ብራንድ፣ ተቀራራቢ ዕድሜ። ዕድሜውን ለማወቅ ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 3521 ካለ በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ገንዘብ መቆጠብ ከተፈለገ ያገለገለ ቸርኬ ይገዛል እንጂ ሁለት ጎማ አይገዛም። ይህን ስነግር የሚከራከረኝ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም።

ከ80 በላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ብርድ በመጣ ቁጥር ከምንም በላይ የማየው ይህን ነው። ሰውዬው አዲስ ቸርኬና ጎማ አስገብቷል። ከተማ ውስጥ ምንም የለም። ከ80 እስከ 120 ባለው ፍጥነት ላይ መሪው ወይም ወንበሩ ይርገበገባል። መሪው ላይ ከተሰማችሁ ከፊት ነው፤ ወንበሩ ላይ ከሆነ ከኋላ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስክ ነገር ስለሆነ ለጊዜው ወዲያ በሉት።

ሁሉም የሚሮጠው ወደ ባላንስ ነው። አንድ ደንበኛ ጎሚስታ ለጎሚስታ ሲዞር ከርሞ መጣ። ቸርኬው ዙሪያውን የባላንስ እርሳስ (ክብደት) ተለጥፎበታል። በማሽን ላይ ባላንሱ ልክ ነው፣ መኪናው ላይ ሲገባ ይንቀጠቀጣል። ማንም የመሃል ቀዳዳውን አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸርኬው የሚታሰርበት ሀብ መሃሉ ላይ ወጣ ያለ ክብ ከንፈር አለው። የፋብሪካው ቸርኬ ቀዳዳ በዚህ ከንፈር ልክ ነው የተቆረጠው። ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ ግን ለብዙ መኪና እንዲሆን ቀዳዳው ሰፊ ተደርጎ ይሠራል፤ 73.1 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። የኒሳን 370 ዜድ ሀብ 66.1 ነው። ስለዚህ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ አለ። ይህን የሚሞላው የመሃል ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከሌለ ቸርኬው በቡሎን ወይም በዳዶ ብቻ ተንጠልጥሎ ነው የሚሽከረከረው፤ ለዓይን የማይታይ ያህል ከመሃል ከወጣ በቂ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

ያ ደንበኛ ቀለበቱ ነበረው። ያለው ግን መጋዘን ውስጥ፣ የበጋው ቸርኬ ውስጥ ተጣብቆ ነው። የበጋውም ቸርኬ ከገበያ የተገዛ ነበር። ቀያሪው ቸርኬውን ሲያወጣ ቀለበቱ አብሮ ወጣ፣ አዲሱን ያለ ቀለበት አሰረው። ይህ በየዓመቱ ይደገማል።

ተገላቢጦሹም አለ፣ እሱ ደግሞ አደገኛ ነው። አሮጌው ቀለበት ዝጎ ሀቡ ላይ ይቀራል። አዲሱ ቸርኬ የራሱን ቀለበት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ቸርኬው ሀቡ ላይ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ አይቀመጥም። ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል፤ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ይላላል። እንዲህ ሆኖ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰምቶ «ኩሽኔታ ነው» ብለው ኩሽኔታ የቀየሩለት ሰው አውቃለሁ። አዲሱ ኩሽኔታም ጠቅ ጠቅ አለ።

የቡሎን ቀዳዳ ርቀት ተመሳሳይ መሆኑ አያድናችሁም። 370 ዜድም ፎርድ ሙስታንግም 5 በ114.3 ናቸው፤ አምስት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሙስታንግ የመሃል ቀዳዳ ግን 70.5 ስለሆነ ቸርኬው ዜድ ላይ ይገባል፣ ይጫወታል። የዜዱ ሙስታንግ ላይ ጨርሶ አይገባም። ቢ ኤም ደብሊው ለረጅም ዓመታት 5 በ120፣ የመሃል ቀዳዳው 72.6 ነበር፤ አዲሶቹ 5 በ112 እና 66.6 ሆነዋል። «የቢ ኤም ነው፣ ለቢ ኤም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። 5 በ112 የሆነውን 114.3 ላይ በግድ ያስገባም አጋጥሞኛል። 2.3 ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል ብሎ ነው። ቸርኬው ላይ ያለውን መቀመጫውን አንድ ወገን ብቻ እየነከሰ የታሰረ ቡሎን ሲላላ የሚያመጣውን እንዳታዩ።

መፍትሄው ረጅም አይደለም። ጎማውን አውጡ። ሀቡንና ከንፈሩን በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ፈግፍጉ፤ የዝገት ቅርፊት ብቻውን ቸርኬን ያጣምማል። የቆየ ቀለበት ካለ አውጡ። የሀቡን ከንፈርና የቸርኬውን ቀዳዳ በካሊፐር መለኪያ ለኩ፣ በዚያ ልክ ቀለበት ግዙ። የፕላስቲክ ቀለበት አይዝግም፣ ግን ፍሬኑ በጣም የሚግል መኪና ላይ ይቀልጣል፤ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ሀቡ ላይ የተለጠፈ አውጥቻለሁ። የአሉሚኒየሙ ሙቀት ይችላል፣ የመንገድ ጨው ግን ያጣብቀዋል። እኔ አሉሚኒየም እመርጣለሁ፣ ከንፈሩ ላይ በጣም ስስ ቅባት አድርጌ። ቅባቱ ቡሎኑና መቀመጫው ጋ እንዳይደርስ።

ከዚያ መኪናው በክሪክ እንደተነሳ ቡሎኖቹን በእጅ፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቃችሁ አስገቡ። አውርዱና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) መጽሐፉ ላይ ባለው ልክ አጥብቁ። በአየር ሽጉጥ «ድርርር» አድርጎ የጨረሰላችሁን ቀያሪ አመስግናችሁ አትሂዱ፤ እንደገና በቁልፍ ፈትሹት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው።

የቡሎኑን መቀመጫ ሳታዩ ግን ምንም አትሰሩ። አንዳንዱ ቸርኬ ሾጣጣ መቀመጫ አለው፣ አንዳንዱ ድቡልቡል። የፖርሽ ቡሎን ከፋብሪካ ድቡልቡል ነው፤ የገበያ ቸርኬ በአብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋል። ሾጣጣ ቡሎን ድቡልቡል መቀመጫ ውስጥ ሲገባ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ጠበቀ ብላችሁ ትነዳላችሁ፣ ቀዳዳው ሞላላ እየሆነ ይሄዳል። ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ያለው ቸርኬ አይጠገንም፣ ይጣላል። ርዝመቱንም እዩ፦ ያጠረው በቂ ጥርስ አይዝም፣ የረዘመው ከሀቡ ጀርባ ያለውን ይነካል።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ትናንት ደህና የነበረ መኪና ዛሬ ጠዋት በድንገት ከተንቀጠቀጠ፣ ቸርኬው ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ነው። አራግፉት።

ቸርኬው አይገባም ወይም ይፋቃል

ዝቅ ያለ ኢንች ስትመርጡ የፍሬን ካሊፐሩን፣ ዲስኩን የሚይዘውን ክፍል፣ አስቡ። ሁለት 17 ኢንች ቸርኬዎች እኩል አይደሉም፤ የአንዱ ክንፍ (ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄደው) ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል፣ የሌላው ቀጥ ብሎ ካሊፐሩን ይመታል። ጎማ ሳይገባበት ባዶ ቸርኬውን ፊት ላይ ሞክሩ፣ በእጅ አዙሩት። ጎማ ያስገባችሁበትን ቸርኬ ማንም አይመልስላችሁም። «ኢቲ» (ET) የሚለው ቁጥር ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚቀመጥ ይናገራል። ፊትና ኋላው የተለያየ ኢቲ ያለው መኪና ላይ አራት እኩል ቸርኬ ስታስገቡ ኋላው ወደ ውስጥ ገብቶ ሳስፔንሽኑን እንዳይነካ እዩ።

ነዳጅ ስትለቁ ወይም ማርሽ ስትቀንሱ ኋላው ይወጣል

ጎማውን አትውቀሱ። ግግር በረዶ ላይ የሞተሩ መያዝ የኋላ እግሮችን ያስራቸዋል። በከፍተኛ ማርሽ ንዱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ።

ዳሽቦርዱ ላይ የንፋስ መብራት ይበራል

ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ንፋስ 0.1 ባር ያህል ይቀንሳል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ሙሉ። የማይጠፋ ከሆነ አዲሱ ቸርኬ ውስጥ የንፋስ መለኪያ ሴንሰር የለም፣ ወይም የሬዲዮ ድግግሞሹ አይገጥምም፤ 315 ሜጋ ኸርዝ የሚሰማ መኪና 433ን አይሰማም። ያገለገለ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ንፋሱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀለሙም ይቦጫጨቃል

የተወለወለ ወይም ክሮም ቸርኬ ለጨው መንገድ አይሆንም። ጨው ከቀለሙ ስር ይገባና የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበትን ይበላል። ጎሚስታው ጠርዙን ያጽዳ፣ ያሽግ። ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ቀለም የተቀባ፣ ክንፉ ጥቂት የሆነ፣ የሚታጠብ ቸርኬ ግዙ።

ሰንሰለት ታስሮ ይቧጭራል

ሰንሰለት የሚታሰረው ኋላ ነው፣ ኋላው ነውና የሚገፋው። ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና ላይ ግን ጠባቡ ጎማ ካልሆነ ቦታ አይኖረውም። መጽሐፉ የትኛው መጠን ሰንሰለት እንደሚፈቅድ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አይፈቅድም። የሚፈቅድ ከሆነ ደረቅ ቦታ ላይ አንዴ አስራችሁ፣ ከፍሬን ቱቦውና ከአሞርዛተሩ ጋር ያለውን ክፍተት በእጃችሁ ለኩ።