የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ጉግል ላይ እንዲገኝ እንዴት ይደረጋል?

ድረ ገጽ አሠርታችሁ ደንበኛ ካልመጣ፣ ዲዛይኑን ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጉግል ድረ ገጻችሁ መኖሩን ያውቅ እንደሆነ አረጋግጡ። በስማችሁ ፈልጋችሁ ካላገኛችሁት፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ገና አይጠቅማችሁም።

ማረጋገጫው ጉግል ሰርች ኮንሶል ነው። ነፃ ነው፤ ከጉግል የሚመጣ ስለሆነም ከሌላ ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ የማምነው እሱን ነው። ገብታችሁ ተመዝገቡ፣ የድረ ገጹ ባለቤት መሆናችሁን በሚሰጣችሁ ኮድ አስመስክሩ፣ ሳይትማፑን አስገቡ። ሳይትማፕ ማለት የገጾቻችሁን አድራሻ የያዘ ዝርዝር ነው። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከ5.5 እትም ጀምሮ ራሱ ያዘጋጀዋል። ከዚያ የአንዱን ገጽ አድራሻ ከላይ ባለው መፈለጊያ ላይ ለጥፉ። ገጹ ኢንዴክስ መደረጉን (ጉግል መዝገብ ውስጥ መግባቱን) ወይም አለመደረጉን፣ ካልተደረገም ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ምክንያት ቀላል ነው። ድረ ገጹ እየተሠራ ሳለ ባለሙያው የፍለጋ ሞተሮች እንዳያዩት ይዘጋዋል። ልክ ነው፤ ያላለቀ ሥራ መታየት የለበትም። ችግሩ፣ ሥራው ሲያልቅ መክፈቱ ይረሳል። አንድ የማውቀው ድርጅት በአዲስ መልክ ያሠራው ድረ ገጽ ለወራት ጉግል ላይ አልነበረም። ባለቤቱ ግን ለማስታወቂያ ገንዘብ እያፈሰሰ ነበር። ጥፋቱ ዎርድፕረስ ውስጥ፣ የንባብ ማስተካከያ በሚለው ቦታ፣ ምልክት የተደረገባት አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ድረ ገጽ ስትረከቡ መጀመሪያ እሷን እዩ።

ደንበኛው የሚጽፈውን ቃል ማግኘት

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው። ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። እኛ ስለ ሥራችን የምናወራበት ቋንቋና ደንበኛው ሲቸግረው የሚጽፈው ነገር አይገናኙም።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ እናስብ። ድረ ገጹ ላይ «ሁሉን አቀፍ የቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎች የጥገና አገልግሎት» ብሎ ጽፏል። ልብሷ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የቀረባት ሴት ግን እንዲህ ብላ አትፈልግም። ስልኳን አውጥታ «ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አላስወጣ አለ» ብላ ነው የምትጽፈው። ይህ ዓረፍተ ነገር ድረ ገጹ ላይ የትም ከሌለ፣ ጉግል እሷን ወደዚህ ባለሙያ የሚያመጣበት ምክንያት የለውም።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች የት እናገኛለን? መጀመሪያ ከስልካችሁ። ደንበኛ ሲደውል ወይም መልእክት ሲልክ የሚለውን የመጀመሪያ ነገር ሳታርሙ፣ ሳታሳምሩ መዝግቡ። «አልጨምቅ አለ»፣ «ሲዞር ይንቀጠቀጣል»፣ «በሩ አልከፈት አለኝ»። ለእኔ ይህ ማስታወሻ ሰው ጉግል ላይ የሚጽፋቸውን ቃላት ከሚያሳዩት፣ በክፍያ ከሚገኙት የቁልፍ ቃል መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል። እነዚያ መሣሪያዎች በተለይ ብዙ ጽሑፍ በሌላቸው ቋንቋዎች የሚያሳዩት ነገር ስስ ነው። ቀጥሎ ቃሉን ጉግል ላይ ጀምሩና አቁሙ፤ ራሱ የሚያሟላቸውን ሐሳቦች ቅዱ። ከውጤቱ ግርጌ የሚመጡትን ተዛማጅ ፍለጋዎችም ጨምሩ። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ የፊደሉን ነገር አትርሱ። «ፀጉር» እና «ጸጉር» ብላችሁ ለየብቻ ፈልጉና ውጤቱን አስተያዩ። ርዕሳችሁ ላይ ሰው የሚያዘወትረውን አጻጻፍ ተጠቀሙ።

ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እያንዳንዱን ራሳችሁ ፈልጉት። ጉግል የቀድሞ ፍለጋችሁን እያየ ውጤቱን ስለሚለዋውጥ፣ ብራውዘሩን በግል መስኮት ክፈቱ። ከዚያ የሚመጣውን በጥሞና እዩ። ካርታና የጥገና ቤቶች ከመጡ፣ ፈላጊው የሚጠግንለት ሰው ይፈልጋል። ቪዲዮና ማብራሪያ ከመጣ፣ መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ነው የሚፈልገው። ማብራሪያ በሚፈለግበት ቦታ «አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል ገጽ ብታቀርቡ ከፊት መምጣት ይከብዳችኋል። ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የገጹ ዓይነት ስላልገጠመ ብቻ የሚቀሩ ገጾች ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለእያንዳንዷ የቃል ልዩነት ለየብቻ ገጽ አትሥሩ። «ውሃ አላስወጣ አለ» እና «ውሃ አላፈስ አለ» ብላችሁ ስትፈልጉ በአብዛኛው ተመሳሳይ ድረ ገጾች ከመጡ፣ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል። አሥር ተቀራራቢ ገጾች ብትሠሩ እርስ በርስ ይሻማሉ።

ገጹን መጻፍ

ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ፤ መልሱም ከላይ። ለምሳሌያችን ማሽኑ ውሃ የማያስወጣባቸውን ምክንያቶች ጻፉ። ማጣሪያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ የመውጫ ቱቦው ታጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ራሱ ሊያየው የሚችለውን ንገሩት። መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ይንቀለው፤ ብዙ ማሽኖች ላይ ማጣሪያው ከፊት በኩል፣ ታች ባለች ትንሽ ክዳን ውስጥ ነው፤ ከመክፈቱ በፊት ከሥሩ ሳፋና ጨርቅ ያስቀምጥ። ፎቶውን ራሳችሁ አንሱ። ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነና ዋጋው በምን እንደሚወሰን ጨምሩ።

«ሁሉን ነግሬው ራሱ ቢሠራውስ?» የሚል ስጋት አለ። ማጣሪያ ብቻ የተደፈነበት ሰው ራሱ ቢጠርገው ብዙ የሚቀርባችሁ የለም። ማጣሪያውን አጽድቶ ማሽኑ አሁንም እንቢ ያለው ሰው ግን ስልካችሁ ፊቱ ላይ አለ፤ ሥራውን እንደምታውቁም አይቷል።

የእያንዳንዱ ገጽ ርዕስ የተለየ ይሁን፣ ዋናው ሐረግም ከመጀመሪያው ይምጣ። «እንኳን ደህና መጡ» ርዕስ አይደለም። በፍለጋ ውጤት ላይ ከርዕሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ ደረጃ አያሳድግም፤ ሰው ጠቅ እንዲያደርግ ግን ያሳምናል። በኮዱ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ታግ (ለጎብኚ የማይታይ የቃላት ዝርዝር) እሞላላችኋለሁ የሚል ካጋጠማችሁ፣ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በግልጽ መናገሩን አስታውሱ። ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

ፍጥነትና ስልክ

ጉግል ድረ ገጻችሁን የሚመዘግበው በስልክ የሚታየውን ቅጂ አይቶ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ ጽሑፍ ስልክ ላይ ከሌለ፣ ለጉግልም የለም። ፍጥነቱን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጉግል መሣሪያ ላይ ፈትሹ። ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ደህና ነው፤ መቶ ከመቶ ለማምጣት አትልፉ። የትንሽ ድረ ገጽ ፍጥነት ሲወርድ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ትልቅ ፎቶ ነው። መጠኑን ቀንሱ፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት። ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) መደራረብ ግን አይፈታውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ድረ ገጹን በአዲስ ስታሠሩ የገጽ አድራሻዎች ከተቀየሩ፣ እያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ በ301 (በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ በሚያዞር ትእዛዝ) ወደ አዲሱ ይዞር። ይህንን ውሉ ላይ አስጽፉት። ካልሆነ በዓመታት የተገኘው ደረጃ በአንድ ሌሊት ሊበተን ይችላል።

ካርታው ላይ መገኘት

ደንበኛ የምትቀበሉበት ቦታ ካላችሁ ወይም ሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ንግዳችሁን ካርታው ላይ የሚያሳየውን የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ። ጉግል እዚህ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ከፍለጋው ጋር መዛመዳችሁን፣ ርቀታችሁንና ታዋቂነታችሁን። ርቀቱን መቀየር አትችሉም፤ የቀሩት ሁለቱ በእጃችሁ ናቸው። ምድቡን በትክክል ምረጡ፣ የሥራ ሰዓቱን አድሱ። የንግዱ ስም ላይ ቁልፍ ቃል አትቀጥሉ፤ ፕሮፋይሉ ሊታገድ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛውን አስተያየት ጠይቁት። በቅናሽ ወይም በስጦታ አስተያየት መግዛት ግን ክልክል ነው።

ሊንክም፣ ማለትም ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ የሚያመጣ ማያያዣ፣ እንዲሁ አይገዛም። ጉግል በ2012 ፔንግዊን የተባለውን ለውጥ ሲያወጣ በሰው ሠራሽ ሊንክ የቆሙ ድረ ገጾች ወድቀዋል። ዕቃ የሚያቀርብላችሁን ድርጅትና አባል የሆናችሁበትን ማኅበር ድረ ገጻችሁን እንዲጠቅሱ ጠይቁ። «ቁጥር አንድ አወጣችኋለሁ» ብሎ ዋስትና የሚሰጣችሁን ሰው ደግሞ በትሕትና ሸኙት። ማንም ያንን ዋስትና መስጠት እንደማይችል ጉግል ራሱ ያስጠነቅቃል።

ከዚያ በኋላ

ጉግል እንደሚለው ውጤት ለማየት በተለምዶ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። በየቀኑ ደረጃችሁን አትፈትሹ፤ ልባችሁን ብቻ ነው የሚያደክመው። በወር አንዴ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱና ሰዎች በምን ቃል እንዳገኟችሁ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እዩ። አማካይ ደረጃቸው ከ8 እስከ 20 የሆኑትን፣ ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ሰው ብቻ ጠቅ ያደረገባቸውን ለዩ። ትንሽ ሥራ ብዙ የሚለውጠው እዚያ ነው። ርዕሱን አስተካክሉ፣ የጎደለውን መልስ ጨምሩ፣ ከሌሎች ገጾቻችሁ ሊንክ ስጡት።

እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ገጽ ያልጻፋችሁለት ጥያቄም ታገኛላችሁ። «ማሽኑ ሲዞር ይንቀጠቀጣል» የሚለው 11ኛ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ እናንተም ስለ እሱ የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ገጻችሁ እሱ ነው።