አንድን የዩኒቨርሲቲ ኮርስ በሙድል እንዴት ማስተማር ይቻላል፦ ከደንቡ እስከ ውጤት መዝገቡ

ሙድል ኮርስን በኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው። ሴሜስተሩ ሲጋመስ ብዙ የሙድል ኮርሶች አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ። ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ፒዲኤፎች፣ አንድም መልስ ያልተጻፈበት ፎረም፣ ማንም ያልሞከረው ኩዊዝ። ተማሪው ቴሌግራም ላይ ነው፤ መምህሩም እዚያው። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ ሥልጠናውም ተሰጥቷል። የጎደለው ሌላ ነው፦ መምህር ይናገራል፣ ተማሪ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ፈተና ይፈርዳል የሚለው የቆየ ልማድ ስንዝር አልተነቃነቀም። ይህ ልማድ ባለበት የተጫነ ሙድል የሀንድአውት መደርደሪያ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ግማሾቹ ስለ ሶፍትዌር፣ ግማሾቹ ስለ ሰው ናቸው።

ምሳሌው ሙድል የሆነው ነጻ ስለሆነና እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለተለመደ ነው። ካንቫስ ወይም ብላክቦርድ የተባሉትን ተመሳሳይ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙ ከሆነ የአዝራሮቹ ስም ይለያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ይጨርሱ

ኮርሱን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲው ደንብ በኦንላይን የተሰጠን ውጤት ይቀበላል ወይ? ደንቡ ተማሪ የፈረመበት የፈተና ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሙድል የተሰጠ ሚድ የመጀመሪያው ቅሬታ ሲመጣ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ኮርሱን ለማዘጋጀት የሚጠፋው ሰዓት እንደ ማስተማር ሰዓት ይቆጠራል? ካልተቆጠረ ነባሮቹ መምህራን በትህትና ራሳቸውን ያገላሉ፤ ሰነፎች ስለሆኑ ግን አይደለም። ሦስተኛ፣ የተጫነው ጽሑፍና ቪዲዮ የማን ነው? ብዙ መምህር ኖቱን የማይሰጠው ነገ በሌላ ሰው እንዳይተኩት ስለሚሰጋ ነው። ስጋቱ ከንቱ ስላልሆነ በምክር አይጠፋም።

የሦስቱ መልስ በአንድ ገጽ ተጽፎ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የቃል ስምምነት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

2. አንድ ኮርስ ብቻ ይምረጡ

ፋኩልቲውን በሙሉ በአንድ ሴሜስተር ማስገባት ለሪፖርት ያምራል፤ ለሥራ አይሆንም። ብዙ ተማሪ ያለው፣ በየሳምንቱ አጭር ምዘና የሚፈልግና መምህሩ ራሱ የጠየቀውን ኮርስ ይምረጡ። እርማት የሰለቸው መምህር ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ አጋዥ ነው።

ስለ ሥልጠና ካነሳን፣ መምህራንን አዳራሽ ሰብስቦ ለሁለት ቀን ሜኑ ማስጎብኘት ፋይዳው ጥቂት ነው። ከመምህሩ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሚቀጥለውን ሳምንት ኩዊዝ በገዛ ጥያቄዎቹ ማስገባት ይሻላል። ወጥቶ ሲሄድ የሚጠቀምበት ነገር በእጁ አለ።

3. የተማሪዎች አካውንት

ዝርዝሩን ከሬጅስትራር ተቀብለው በሲኤስቪ ፋይል (ከኤክሴል የሚወጣ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) በአንድ ጊዜ ይጫኑ። የመግቢያ ስም የመታወቂያ ቁጥር ይሁን፤ የሰው ስም በላቲን ሲጻፍ ሁሉም በየራሱ ይጽፈዋል። ሁለት ወጥመዶች አሉ። ኤክሴል በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር ዜሮውን ቆርጦ ይጥላል፤ ዓምዱን አስቀድመው ወደ ‹ቴክስት› ይቀይሩት። ፋይሉን ሲያስቀምጡም ‹ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8› የሚለውን ይምረጡ፤ ተራውን ሲኤስቪ ከመረጡ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ረዳት መምህር ካለ የራሱ አካውንት ይኑረው። ፕሮፌሰሩ ፓስወርዳቸውን ለረዳታቸው ሰጥተው የሚገላገሉበት ልማድ በየዩኒቨርሲቲው አለ፤ ውጤት አከራካሪ ሲሆን ግን ማን እንደቀየረው መዝገቡ የሚያሳየው የፕሮፌሰሩን ስም ብቻ ነው። ረዳቱን ‹ነን ኤዲቲንግ ቲቸር› በሚለው ሚና ያስገቡት። ያርማል፣ ኮርሱን ግን መለወጥ አይችልም።

4. ጽሑፍና ቪዲዮ

በሳምንት ከፋፍለው ይጫኑ፤ በየሳምንቱ አንድ ዋና ንባብና አንድ የሚሠራ ነገር ይበቃል። ቪዲዮ ከማስገባትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። በሴኮንድ 500 ኪሎቢት የሆነ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 37.5 ሜጋባይት ይሆናል። ለ100 ተማሪ 3.75 ጊጋባይት ማለት ነው፣ ለዚያውም ሁሉም አንዴ ብቻ ቢያወርደው። ያው ንግግር በ48 ኪሎቢት ድምፅ ብቻ ሆኖ ከፒዲኤፍ ስላይድ ጋር ሲቀርብ 3.6 ሜጋባይት ነው። የመምህሩ ፊት የግድ መታየት ከሌለበት ድምፁ ይመረጣል።

ሙድል ከ2 ሜጋባይት በላይ አልቀበልም ካለ ጥፋቱ የሙድል አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ (ሙድል የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ሲጫን የሚመጣበት ገደብ ነው፤ አስተዳዳሪው ከፍ ያድርገው። በዚያው አጋጣሚ ‹ክሮን› የተባለው የጀርባ ሥራ በየደቂቃው መሄዱን ይጠይቁት። ክሮን ከቆመ ኢሜይል አይወጣም፣ ሰዓቱ ያለፈበት ፈተናም በወቅቱ ተሰብስቦ አይዘጋም።

5. ዝም ያለውን ፎረም ማናገር

በክፍል ውስጥ መምህር ፊት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ሲቆጠር የኖረ ተማሪ፣ 120 ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ በስሙ ሐሳብ ይጻፍ ማለት ከባድ ነው። ‹አስተያየታችሁን ስጡ› የሚል ማስታወቂያ ምንም አያመጣም። የሚሠራው እንዲህ ነው።

ተማሪዎቹን ከ6 እስከ 8 በሆኑ ቡድኖች ይክፈሉና ቡድኖቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያድርጉ። የፎረሙን ዓይነት ‹ኪው ኤንድ ኤ› ያድርጉት፤ ተማሪው የራሱን ሳይጽፍ የሌላውን ማየት አይችልም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ጎበዝ የጻፈውን ሁሉም አይገለብጠውም። ጽፎም ቢሆን የጻፈውን ማስተካከል የሚችልበት ጊዜ እስኪያልፍ፣ ካልተቀየረ 30 ደቂቃ፣ የሌሎቹ አይታየውም። ይህን ቀድመው ካልነገሩ ‹ሲስተሙ አይሠራም› የሚል አቤቱታ ይዘንብብዎታል።

ጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው አይሁን። ‹የዋጋ ንረት ምንድን ነው?› ከተባለ የመጀመሪያው መልስ ውይይቱን ይጨርሰዋል። ‹ከሚከተሉት ሁለት እርምጃዎች የቱ ድሃውን የበለጠ ይጎዳል? ለምን?› ቢባል ግን ሰው ይከራከራል። መምህሩም ለ48 ሰዓት ዝም ይበል። መምህር ቀድሞ ከጻፈ የቀሩት ‹መምህራችን እንዳሉት› ብለው ይደግሙታል እንጂ አይጨምሩበትም። ለራስ ሐሳብ 1 ነጥብ፣ ለሌላ ሰው በምክንያት ለተሰጠ መልስ 1 ነጥብ፤ በ5 ሳምንት 10 ነጥብ። ‹እስማማለሁ፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው› ዜሮ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር።

6. ፈተናው

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። ኮርሱ ሁሉ ሠርቶ አንድ ፈተና ከተበላሸ ትምህርት ክፍሉ የሚያስታውሰው ፈተናውን ነው፤ ‹ኦንላይን አይሆንም ብለን ነበር› የሚሉትም ማስረጃ ያገኛሉ።

የጥያቄ ባንክ። ባንክ ማለት ፈተናው በዕጣ የሚወጣበት የጥያቄዎች ክምችት ነው፤ መኮራረጅን የሚቀንሰውም ካሜራ ሳይሆን ባንኩ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ 20 ጥያቄ ከ25 በዕጣ ቢወጣለት፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በአማካይ 16 ጥያቄ ይጋራሉ። ባንኩ 60 ከሆነ የሚጋሩት ወደ 7 ይወርዳል። ስለዚህ ቢያንስ የፈተናውን ሦስት እጥፍ ያዘጋጁ። ጥያቄዎቹን በምዕራፍ ለይተው በየምድቡ ያስቀምጡና ከ4 ምዕራፍ 5፣ 5 ጥያቄ በዕጣ ይውጣ። ምድብ ሳይኖር ከአንድ ክምር ቢወጣ ለአንዱ ተማሪ አብዛኛው ከምዕራፍ አንድ፣ ለሌላው ከከባዱ ምዕራፍ ሊደርሰው ይችላል፤ ቅሬታውም ትክክል ነው። ስልሳ ጥያቄ ለአንድ መምህር ብዙ ነው። ኮርሱን የሚያስተምሩ ሦስት ሰዎች ሃያ ሃያ ቢያዋጡ ግን ያልቃል። የሚከብደው የጥያቄው ብዛት ሳይሆን ጥያቄን በኪስ የመያዝ ልማዱ ነው።

ሰዓት። ሙድል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሉ፤ ሰው የሚያምታታቸውም እነዚህን ነው። አንዱ ፈተናው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ነው፣ ሌላው ተማሪው ከጀመረ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ። የ30 ደቂቃ ፈተና ከ3፡00 እስከ 5፡00 ክፍት ቢሆን፣ በ4፡50 የገባ ተማሪ የሚያገኘው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ‹እስከ 4፡30 ያልጀመረ ሙሉ ጊዜ አያገኝም› ብለው በግልጽ ይጻፉ። ለሁሉም በአንድ ደቂቃ መክፈት ደግሞ ሰርቨሩን ያንበረክከዋል፤ ሰፋ ያለ መስኮት ይሻላል።

መስኮቱ ሲሰፋ ግን ቀድሞ የጨረሰ ላልጀመረው ይነግራል። ስለዚህ ‹ሪቪው ኦፕሽንስ› የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። አራት ዓምዶች አሉት፦ በፈተናው ወቅት፣ እንደጨረሰ፣ ቆየት ብሎ ፈተናው ክፍት ሳለ፣ ከተዘጋ በኋላ። ትክክለኛው መልስ ከመጨረሻው ዓምድ በቀር በሁሉም ላይ ምልክቱ ይነሳ። ይህን ምልክት ሳያዩ ያለፉ መምህራን ፈተናቸው ገና ክፍት ሳለ መልሱ በፎቶ ቴሌግራም ላይ ሲዞር አግኝተውታል።

ጊዜው ሲያልቅ ምን ይሁን ለሚለው፣ የተሠራው በራሱ እንዲረከብ የሚያደርገውን ይምረጡ። ‹ራሱ ካላስረከበ አይቆጠርም› የሚለው አማራጭ መብራት የሄደበትን ተማሪ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። በአንድ ገጽ 5 ጥያቄ ጥሩ ልክ ነው፤ ሙድል ገጽ ሲገለበጥ ያስቀምጣል፣ በመሐልም እንደተጫነ ከሆነ በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል። ወደኋላ መመለስን የሚከለክለውን አማራጭ ባይነኩት ይመረጣል፤ ኩረጃን ከሚቀንሰው ይልቅ ድንጋጤን ያበዛል።

መሥመር የተቋረጠበት ተማሪ ተመልሶ ካቆመበት መቀጠል ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቀውም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ፈተናውን ለሁሉም አይክፈቱ። ‹ዩዘር ኦቨርራይድ› በሚለው ለእሱ ብቻ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ሁለተኛ ሙከራ ይስጡት፤ ምክንያቱንም በዚያው ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ከስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኩዊዝ ከፈለጉም ይቻላል፣ የሰዓት ገደብ ያለው ግን አይሆንም። ስለዚህ ለልምምድ እንጂ ለሚድ አይታሰብ።

አንድ ተማሪ እንኳ ከጀመረ በኋላ ጥያቄ መጨመርም ማውጣትም አይቻልም። የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ ካገኙ ግን ቁልፉን አርመው ‹ሪግሬድ› ይበሉ፤ የሁሉም ውጤት እንደገና ይሰላል።

ከሁሉ በፊት በመጀመሪያው ሳምንት ውጤት የሌለው የሦስት ጥያቄ ልምምድ ይስጡ። መግባት ያቃተው፣ ፓስወርድ የጠፋበት፣ ስልኩ ገጹን የማያሳየው ሁሉ ያን ቀን ይታወቃል። ሳይለማመዱ ሚድ የሰጡ ሰዎች የፈተናውን ግማሽ ሰዓት ፓስወርድ ሲቀይሩ ያሳልፋሉ።

7. የውጤት መዝገብ

ሁለት ነገር ብቻ፣ ሁለቱም ግን አደገኛ። አዲስ ኩዊዝ ሲፈጠር ከ10፣ አዲስ አሳይንመንት ደግሞ ከ100 ሆኖ ይመጣል። ሳይነኩት ከተዉት፣ ሲለበሱ ላይ 15 ከመቶ የተባለው አሳይንመንት ሚዱንም ፎረሙንም ይውጣቸዋል። ቀላሉ መንገድ የእያንዳንዱን ከፍተኛ ነጥብ ሲለበሱ ላይ ካለው ክብደት ጋር እኩል ማድረግ ነው፦ 4 ኩዊዝ ከ5፣ አሳይንመንት ከ15፣ ፎረም ከ10፣ ሚድ ከ20፣ ፋይናል ከ35። ድምሩ 100 ካልመጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ሁለተኛው፣ ሙድል ያልተሠራን ነገር ከስሌቱ ያወጣዋል። አንድ ኩዊዝ ብቻ ሠርቶ 5 ከ5 ያገኘ ተማሪ ድምሩ 100 ከመቶ ሆኖ ይታየዋል፤ ያንኑ ፎቶ አንስቶ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ‹ኤክስክሉድ ኤምፕቲ ግሬድስ› የሚለውን ምልክት ያንሱ፣ ወይም ቀኑ ላለፈበት ሁሉ ዜሮ ያስገቡ። ይህ ሳይደረግ ውጤት ለሬጅስትራር አይላክ።

ቴሌግራምን አይዋጉት፤ አያሸንፉትም። ማስታወቂያው እዚያ ይውጣ፣ ወደ ሙድል የሚወስድ ሊንክ ይያዝ። አሳይንመንት ግን በቴሌግራም አንድም አይቀበሉ፤ ለአንዱ ‹ዛሬ ብቻ› ከተባለ በሚቀጥለው ሳምንት ሙድል ላይ የሚያስረክብ አይኖርም።

ሴሜስተሩ ሲያልቅ ሁለት ባክአፕ ይውሰዱ። አንዱ ተማሪዎቹንና ውጤቱን የያዘ፣ ለቅሬታ ጊዜ የሚቀመጥ፤ ሌላው ያለ ተማሪ፣ በሚቀጥለው ዙር ባዶ ኮርስ ላይ የሚጫን። ሁለቱም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጡ፣ ፋይሉም መጫኑ አንዴ ይሞከር።