«ትራንስክሪፕት አልደረሰም» ሲለኝ እንዴት እንደፈታሁት

ለአሜሪካ ኮሌጆች በኮመን አፕ (በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ኮሌጆች በሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) አመልክቼ ነበር፣ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የትምህርት ውጤቴን ሰነድ፣ ትምህርት ቤቴ ለየኮሌጁ በኢሜይል ላከ። አንዱ ኮሌጅ ግን የአመልካች ገጼ ላይ «አልደረሰም» ማለቱን አልተው አለኝ። ቀነ ገደቡ ደግሞ ደርሷል!

ሰነዱ ደርሶ ነበር። ፓስፖርቴና ማመልከቻዬ ላይ ስሜ በሁለት «ኤስ» ነው የተጻፈው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ። ስለዚህ ከፋይሌ ጋር ሳይገናኝ ብቻውን ተቀምጧል። ድጋሚ ማስላክ ምንም አይፈይድም፤ በዚያው አጻጻፍ ሁለተኛ ባለቤት የሌለው ወረቀት መጨመር ነው።

የሠራልኝ ለቅበላ ቢሮው የጻፍኩት አጭር ኢሜይል ነው። ርዕሱ ላይ ሙሉ ስሜና የአመልካች ቁጥሬ፤ ውስጡ የትውልድ ቀኔ፣ ሁለቱም የስም አጻጻፎች ጎን ለጎን፣ ትምህርት ቤቱ የላከበት ቀንና የተላከበት የኢሜይል አድራሻ። የፓስፖርት ፎቶ ካልጠየቁ አትላኩ። ሰነዱን ፈልገው ከፋይሌ ጋር አገናኙት፣ «አልደረሰም» የሚለውም ጠፋ።

ገና ለምታመለክቱ፦ ኮመን አፕ ሌላ ስም ተጠቅማችሁ እንደሆነ የሚጠይቅበት ቦታ አለ፣ ሁለተኛውን አጻጻፍ እዚያ አስገቡ። ለኤስኤቲም (ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) ስትመዘገቡ የፓስፖርቱን ስም ፊደል በፊደል ተጠቀሙ። ደግሞ አትደንግጡ፣ ብዙ ኮሌጆች ቀነ ገደቡን አጥብቀው የሚይዙት ለራሱ ለማመልከቻው ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመጡ ሰነዶችን ጥቂት ቀን ቢዘገዩም ይቀበላሉ። የእያንዳንዱን ኮሌጅ ደንብ ግን ገጹ ላይ አረጋግጡ።