ባገለገለ ካሜራ ጥሩ ፎቶ ለማንሳት፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር፣ እንዴት ይነሳ

ካሜራ የገዛ ሰው ሁሉ ወዲያው ሁለተኛ ሌንስ ያምረዋል። ከዛ ትልቅ ቦርሳ፣ ከዛ ፍላሽ፣ ከዛ ደግሞ «ይሄ ካሜራ አይረባም፣ ልቀይረው» ይመጣል። ገንዘቡ ያልቃል፣ ፎቶው ግን ያው ነው። ይህን የምጽፈው ለደስታቸው ፎቶ ለሚያነሱ ነው። ሠርግ እየቀረጻችሁ እንጀራ የምትበሉበት ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ሌላ ነው። ለራሳችሁ ከሆነ ግን አንድ ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ ርካሽ ሌንስና ብርሃን የማየት ልምድ ለብዙ ዓመት ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ካሜራውን መርምሩ

ካኖን 600ዲ፣ ካኖን 700ዲ፣ ኒኮን ዲ3300 ገበያ ከወጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ቢሆንም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ያወጣሉ። ካኖኖቹ 18፣ ኒኮኑ 24 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ከዚህ በላይ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ዋናው ጥያቄ ከእናንተ በፊት ማን እጅ ላይ እንደነበረ ነው። በየሳምንቱ ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ላዩ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ደክሟል።

ስለዚህ ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድና አንድ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 16 ወይም 22 ላይ አድርጉና ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያለ ፎከስ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለው ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። አቧራ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ሰበብ ነው። ጭረት ከሆነ ግን ተዉት። ከዛ ሌንሱን ፈትታችሁ በአንድ በኩል የእጅ ባትሪውን አብሩበትና በሌላው በኩል ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የሚገለበጥ ስክሪን ካለው ገልብጡት፣ አዙሩት፣ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ውስጥ ያለው ሽቦ ሊበጠስ ነው። ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫኑ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

የሹተር ቁጥሩንም ጠይቁ። ሹተር ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ ነው፣ ቁጥሩ ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳ ይናገራል። ኒኮን ላይ ቁጥሩ እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይወጣል፣ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ትችላላችሁ። እነዚህ ካኖኖች ላይ ግን በኬብል አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚሠሩ ካሜራዎች ሹተር በግምት እስከ 100 ሺህ ፎቶ ይጠበቅበታል። ከዛም በላይ የሚሄድ አለ፣ ሳይደርስ የሚሞትም አለ። 90 ሺህ ያነሳን ካሜራ ግን 10 ሺህ ባነሳው ዋጋ መግዛት የለባችሁም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ካላችሁ ሌላም መንገድ አለ። እንደ ኤምፒቢና ኬኢኤች ያሉ ሻጮች ያገለገለ ካሜራ ፈትሸው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ ከዋስትና ጋር ይሸጣሉ። «ምን ላምጣልህ?» ሲባል ሽቶና ጫማ ከማለት ይሄን ማለት ነው። ዘመዳችሁ ሲመጣ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣው ይያዝ። የሊቲየም ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ያስቀሩታል።

ቀጥሎ የሚገዛው

50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ። ሌላ ሁሉ ይቆይ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 መጥፎ አይደለም፣ ግን 55 ላይ ስታደርሱት አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ይሆናል። ኤፍ 1.8 ከዛ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ማንሳት የሚቻለው በሱ ነው። የኒኮን ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ስለዚህ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል የተጻፈበትን ግዙ። የድሮው «ዲ» የሚባለው ይገጠማል፣ ዋጋውም ያጓጓል፣ ግን ፎከሱን በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው የምትኖሩት።

ከዛ አንድ ትርፍ ባትሪ። ከዛ ከአንድ ትልቅ ሚሞሪ ይልቅ ሁለት መካከለኛ፣ 128 ጊጋ አንድ ከመያዝ 32 ጊጋ ሁለት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሐሰተኛ ሚሞሪ በሽ ነው። ላዩ 128 ይላል፣ ውስጡ 16 ሆኖ ያርፋል፣ ሲሞላ የድሮውን ፎቶ ያጠፋዋል። አዲስ ካርድ ስትገዙ ጥግ ድረስ በቪዲዮ ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት፣ ከዛ በኋላ ብቻ እመኑት።

ሲጨመቅ አየር የሚተፋው የጎማ መንፊያም ግዙ። ርካሽ ነው። ሌንስ ላይ አቧራ ሲያርፍ መጀመሪያ በዚህ ንፉት፣ ከዛ በመነጽር ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። በሸሚዝ ጫፍ አይደለም። በአፍም አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል።

የሚቀሩት? ስልክ ላይ የሚለጠፉት ትናንሽ ሌንሶች ይቅሩ። ከሌንሱ ፊት የሚገቡት ርካሽ ማጣሪያዎችም ይቅሩ፣ ሌንሳችሁ ላይ ርካሽ መስታወት መጨመር ነው። ትራይፖድ ሌሊት ወይም መልክዓ ምድር ከወደዳችሁ ብቻ። ነፋስ ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ቀላል ትራይፖድ ከመግዛት ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ማንሳት ይሻላል።

ብርሃኑን ጠብቁ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትወጣለች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢማ ልክ ከራሳችን በላይ ናት። በዚህ ሰዓት ሰው ስታነሱ ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫው ሥር ጥላ ይንጠለጠላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሰው በፀሐይ አታንሱ። ግድ ከሆነ ጥላ ፈልጉ፤ በረንዳ፣ የበር አፍ፣ የዛፍ ሥር። የበር አፍ በጣም ነው የምወደው። ሰውየውን ከደጃፉ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡትና ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር፣ እናንተ ውጭ ቁሙ። ፊቱ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፣ ከኋላው ቤቱ ጨለማ ይሆናል። ስቱዲዮ የሚያስከፍላችሁን በነጻ አገኛችሁ።

ጠዋትና ማታ የሚመጣው ወርቃማ ብርሃን እኛ ጋ ቶሎ ያልፋል። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። አውሮፓ ያሉ ሰዎች በበጋ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲዝናኑበት እኛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው ያለን። ስለዚህ ቦታውን ቀድማችሁ መርጣችሁ፣ ካሜራውን አስተካክላችሁ ጠብቁ።

ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት

እኛ አገር ፎቶ የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ የውጭ ማስተማሪያዎች ደግሞ ብዙም አያነሱት። ካሜራ ሞኝ ነው። የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ስታሳዩት «ይሄ በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊቱ ደግሞ ከሰል።

መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ካኖን ላይ ማዞሪያውን «ኤቪ»፣ ኒኮን ላይ «ኤ» ላይ አድርጉት፤ እናንተ ኤፉን ትመርጣላችሁ፣ ካሜራው የሹተር ፍጥነቱን ይመርጣል። ነጭ ሲበዛ ወደ መደመር 0.7 ወይም 1 ውሰዱት። ያነሳችሁትን መልሳችሁ ስታዩ ዝርዝር መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ፣ በጣም በርቶ የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል (ኒኮን ላይ መጀመሪያ ከሜኑ ማብራት ያስፈልጋል)። ነጠላው ጫፍ ላይ ትንሽ ብልጭ ቢል ችግር የለም። ጥለቱ ላይ ብልጭ ካለ ግን ዝቅ አድርጉት፣ የጥለቱ ቀለም ከጠፋ አይመለስም። «ሮው» (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያዘጋጅ የሚያስቀምጥበት ፋይል) አድርጋችሁ ካነሳችሁ፣ በኋላ ፊቱን ማብራት ትችላላችሁ፣ በ«ጄፔግ» ግን ብዙ አትንኩት።

ጨለማ ቦታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው ጥቁሩን ሁሉ ግራጫ ሊያደርገው ይታገላል፣ ፊት ይነጣል። ያኔ ወደ መቀነስ።

ቡና ሲቀዳ

ለመለማመድ ከቡና የተሻለ ነገር አላውቅም። ቤት ውስጥ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ አቦሉ ላይ ያልሆነው ቶናው ላይ ይሞከራል።

መጀመሪያ የጣሪያውን መብራት አጥፉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ ይሆናል። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። እናንተ መስኮቱ ፊት ለፊታችሁ በሰያፍ እንዲሆን ተቀመጡ፣ ማለትም ብርሃኑ ከጀበናው ኋላ በጎን ይምጣ። እንፋሎትና የዕጣን ጭስ የሚታዩት ብርሃን ከኋላቸው ሲመጣና ከጀርባቸው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ጀርባው ነጭ ግድግዳ ከሆነ ጭሱ የለም ማለት ነው፣ ጥቁር ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉበት።

ከዛ 50ውን ግጠሙ። ኤፍ 2.8 ላይ አድርጉት። 1.8 ያጓጓል፣ ግን ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው 3 ሳንቲሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስኒው ጠርቶ ጀበናው ይደበዝዛል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 800 ወይም 1600። የሹተር ፍጥነቱ ከ1/200 አይውረድ፣ አለበለዚያ የሚወርደው ቡና ክር ይሆናል። መቀነስ 0.7። ፎከሱን መካከለኛዋ ነጥብ ብቻ ላይ አድርጉና ስኒው ከንፈር ላይ ያዙ። ቀጂዋ ጀበናውን ማዘንበል ስትጀምር ተጫኑና በተከታታይ አንሱ። ጥሩዋ ብዙ ጊዜ ቡናው ስኒውን ሊነካ ሲል ያለችው ናት። አጎንብሳችሁ፣ ከስኒው ቁመት ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንሱ። ቆማችሁ ካነሳችሁ አናቷንና ምንጣፉን ነው የምታገኙት።

ማታና ደመራ

የሰፈር ደመራ ከመስቀል አደባባዩ ይልቅ ለፎቶ ይመቻል። ትጠጋላችሁ፣ ሰዉም ያውቃችኋል። መስከረም 16 አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጨርሶ ሳይጠቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ሳለ አንሱ። እሳቱን ራሱን አታሳዱ፣ ችቦ የያዘውን ሰው ፊት ተከተሉ፤ ችቦው ነው መብራታችሁ። ኤፍ 2፣ 1/200፣ አይኤስኦ 1600 ጀምሩና ፊቱ ከጨለመ አይኤስኦውን ጨምሩ። ፍላሽ ካበራችሁ የእሳቱ ቀለም ይሞታል።

ሰው ስታነሱ

«ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈጅም። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ፈቃድ አታንሱ፣ ፍላሽ ደግሞ በፍጹም፣ የድሮ ሥዕልና ብራናን ብርሃን ይጎዳል ተብሎ ይከለከላል። ወታደር፣ ቤተ መንግሥት፣ ካምፕ አካባቢ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አስገቡት፣ ክርክር ውስጥ መግባት ጥቅም የለውም።

ክረምት፣ አቧራና ማቀዝቀዣ

ፈንገስ እርጥበት ይወዳል። ክረምቱን ካሜራውን የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ቆልፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አትርሱት። ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር ከሚመጡት እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት። አፋር ወይም አቧራማ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ሌንስ አትቀይሩ፣ አንዱን ገጥማችሁ ውጡ። ዱባይ፣ ጂዳ፣ ዶሃ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል በቀጥታ ስትወጡ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ እሰሩና ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ጉሙ ላስቲኩ ላይ ይሆናል።

ቤት ስትገቡ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይም ድገሙ፣ ከዛ በኋላ ብቻ ሚሞሪውን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ላነሳችኋቸው ሰዎች በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አሳትማችሁ ውሰዱላቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቡናውን ራሳቸው ይጠሯችኋል።