በሽታ የሚቋቋም ኪያር ተክለው ለምን ይታመምብዎታል?

«በሽታ ይቋቋማል ተብዬ ነበር የገዛሁት፤ ቅጠሉ ነጭ በነጭ ሆነ!» ሰሜን ሸዋ ውስጥ በጓሮ ኪያር ከሚያለሙ ሰዎች ይህን ስሰማ ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘሩ አይደለምና።

የመጀመሪያው ስህተት «ይቋቋማል» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምቶ መግዛት ነው። የትኛውን በሽታ? ሁሉንም የሚችል ኪያር የለም። ፓኬቱን ገልብጠው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉትን ምልክቶች ይፈልጉ። ፒ ኤም ከሆነ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለውን ሻጋታ ይቋቋማል። ዲ ኤም ቅጠሉን በቢጫ ነጠብጣብ ጀምሮ የሚያደርቀውን፣ ሲ ኤም ቪ ደግሞ ቅጠሉን የሚያዥጎረጉረውን ቫይረስ ያመለክታል። መቋቋም ማለትም ጨርሶ አለመያዝ አይደለም። ዘግይቶ ይያዛል፣ ጉዳቱም ይቀላል። ኤፍ 1 የሚል ዲቃላ ዘር ከሆነ ደግሞ ከፍሬው ዘር አስቀርተው አይዝሩ፤ የእናቱን ጠባይ ላይይዝ ይችላል።

ሁለተኛው ማታ ማታ ቅጠሉ ላይ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ይህ ብዙ ጓሮ ያጠፋል። ዲ ኤም ቅጠል ላይ ለመብቀል ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋል፤ ማታ የጠጣ ቅጠል ደግሞ ሌሊቱን እንደረጠበ ያድራል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ብቻ ያጠጡ። ጠዋት ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩ ግራጫ ሻጋታ ካለ ዲ ኤም ነው። ነጩ ዱቄት ግን ሌላ ነው። የረጠበ ቅጠል ሳይፈልግ በበጋም ይመጣል። «ዝናብ የለም፣ አይታመምም» ብለው አይዘናጉ።

የቦታ ነገርም አለ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ኪያር ውርጭ ፈጽሞ አይችልም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ መትከል ልፋት ነው። በላስቲክ ቤት ከሆነ ቀን ቀን ይክፈቱት፤ ታፍኖ የሚውል ላስቲክ ውስጡ ላብ ያወጣና ሻጋታ ይጠራል። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ይስማማዋል፣ ግን ክሽክሽ ከሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ይጠንቀቁ። የቅጠሉን ጀርባ ያገላብጡ፤ ቫይረስ የሚያዛምተው እሱ ነው። ቫይረስ የያዘው ተክል መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መጣል ብቻ ነው።

አጠጋግቶ መትከልም ይጎዳል። በመካከላቸው ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፣ የባሕር ዛፍ ዘንግ ተክለው ያንጠልጥሉት፤ ነፋስ ሲገባው ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል። ዩሪያ አብዝቶ መስጠትም ቅጠሉን ያለሰልሰዋል።

ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ሐብሐብና ቅል የኪያር ዘመዶች ናቸው። እነሱ በነበሩበት መደብ ላይ ቢያንስ 2 ዓመት ኪያር አይመልሱ። በሽታ የገባበትን ሐረግም እዚያው አይተዉት፣ ያቃጥሉት። ፍሬ ሲለቅሙ ደግሞ ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ በረጠበ ቅጠል መካከል የሚያልፍ እጅ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል።