አንድ ስቴት ከአገር አቀፉ የምርጫ ውጤት አንፃር ወዴት እየሄደ እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

የ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ያለቀ ሰሞን "ቨርጂኒያም ወደ ትራምፕ እየዞረች ነው" ሲባል ነበር፣ ምክንያቱም ዲሞክራቱ ባይደን በ2020 በ10 ነጥብ (ማለትም በ10 ፐርሰንት ልዩነት) ያሸነፈባትን ስቴት የፓርቲው የ2024 ዕጩ ሃሪስ ያገኘችው በ6 ገደማ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ራሳችሁ አስልታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ "ማን አሸነፈ" የሚለውን ተዉት። ከዲሞክራቱ ፐርሰንት ላይ የሪፐብሊካኑን ቀንሱ፣ ዲሞክራት ከመራ ፕላስ ሪፐብሊካን ከመራ ማይነስ ይመጣላችኋል። ይሄን አንዴ ለስቴቱ አንዴ ለመላው አገር ትሰሩና ከስቴቱ ላይ የአገሩን ትቀንሳላችሁ፣ በቃ።

አሁን ቨርጂኒያን እንያት። 2004 ላይ ሪፐብሊካኑ ቡሽ በ8.2 ነጥብ ወሰዳት፣ በአገር ደረጃ ግን የመራው በ2.4 ስለሆነ ከአገሩ 6 ነጥብ ያህል ወደ ሪፐብሊካን ያደላች ነበረች ማለት ነው። 2008 ኦባማ በ6.3 ሲያሸንፍባት ብዙ ሰው ጉድ አለ፣ ከ1964 ወዲህ ለፕሬዚዳንት ዲሞክራት መርጣ አታውቅማ፣ ግን እሱ በአገር ደረጃ ከ7 ነጥብ በላይ ስለመራ ያኔም ቢሆን በትንሹ ከአገሩ ወደ ሪፐብሊካን ነበረች። 2012 ላይ ስቴቱም አገሩም ፕላስ 3.9፣ እኩል። ልዩነቱ 2016 ፕላስ 3፣ 2020 ፕላስ 5 ተኩል። 2024 ደግሞ የቨርጂኒያው ፕላስ 5.8 የአገሩ ማይነስ 1.5 ስለሆነ ውጤቱ ፕላስ 7.3 ነው! አገሩ በሙሉ 6 ነጥብ ወደ ትራምፕ ሲሄድ እሷ የሄደችው 4 ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከአገሩ አንፃር እንደውም ወደ ዲሞክራት ርቃለች። ኦሃዮን ብትሰሩ ተቃራኒውን ታገኛላችሁ፣ 2020 ላይ ባይደን በአገር ደረጃ በ4.5 እየመራ እዛ በ8 ተሸነፈ፣ ይሄ 12 ነጥብ ተኩል ልዩነት ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። የምርጫው ሌሊት ቁጥር አትጠቀሙ፣ ካሊፎርኒያ ቆጥራ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅባታል፣ ትራምፕም በ2024 መጀመሪያ ላይ ከ50 ፐርሰንት በላይ ነበር ተቆጥሮ ሲያልቅ 49.8 ሆነ። እንደ 1992 ያለ፣ ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጪ የተወዳደረው ሮስ ፔሮ 19 ፐርሰንት የወሰደበት ዓመት ሲገጥማችሁ ደግሞ ሦስተኛውን አውጥታችሁ ሁለቱ ፓርቲዎች ብቻ የተካፈሉትን አስሉ፣ ግን ለሁሉም ዓመት እንደዛው አድርጉ እንጂ አትቀላቅሉ።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ካውንቲ (በስቴቱ ውስጥ ወዳሉት የአካባቢ አስተዳደሮች) ውረዱ። ብዙ ሀበሻ የሚኖርበት የሰሜን ቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ 2004 ላይ ስቴቱ ለቡሽ ሲሆን እሱ ዲሞክራቱን ኬሪን መርጦ ነበር፣ ለውጡ ከሰሜን ቨርጂኒያ እንደጀመረ እዛ ላይ ቀድሞ ይታያል።

የስቴት ገዢ (ገቨርነር) ምርጫ ግን እዚህ ሂሳብ ውስጥ አታስገቡ። ባይደን በ10 ነጥብ ባሸነፈ በዓመቱ፣ 2021 ላይ፣ ያው ቨርጂኒያ ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን ገዢ አድርጋ መርጣለች፣ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ብትስሏቸው የሌለ ለውጥ ነው የምታዩት።