በሰሜን ቨርጂኒያ ለስኩል ቦርድ እንዴት ይወዳደራሉ?

የየትኛው ሰፈር ልጅ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ ትምህርት መቼ እንደሚከፈት፣ ገናና ዒድ በካሌንደሩ ላይ እንዴት እንደሚታዩ የሚወስኑ ሰዎች አሉ። ስኩል ቦርድ ይባላሉ። ወንበሩን የሚያገኙት በሕዝብ ምርጫ ነው፣ ለመወዳደርም የመምህርነት ዲግሪ አይጠየቅም። ሐበሻው በብዛት በሚኖርባቸው በፌርፋክስ ካውንቲና በአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች በአማርኛም ይጽፋሉ። ያንን ደብዳቤ እያነበቡ “ይሄን ማን ወሰነ?” ብለው ከተናደዱ፣ ለመወዳደር ግማሹን መንገድ ሄደዋል። የቀረው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን ቀላል አይምሰልዎ።

እዚህ የምጽፈው ስለ ቨርጂኒያ ነው። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ የሚኖሩ ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው።

መጀመሪያ፦ ይፈቀድልዎታል?

የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ ከምርጫው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በቨርጂኒያ መኖርና በሚወዳደሩበት አካባቢ በመራጭነት መመዝገብ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ አይበቃም። ይሄን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ግሪን ካርድ ይዞ በመራጭነት የተመዘገበ ወይም ድምፅ የሰጠ ሰው ዜግነቱን ሊከለከል፣ ከአገር እስከመባረርም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ “ምንም አይደል፣ ተመዝገብ” የሚል ጓደኛ ካለዎት አይስሙት።

የዚያው ቦርድ ተቀጣሪ ከሆኑ ቦርዱ ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። አስተማሪም ይሁኑ የካፍቴሪያ ሠራተኛ ያው ነው። ባለቤትዎ ወይም እህትዎ እዚያ የሚሠሩ ከሆነም የጥቅም ግጭት ሕግ አለና ቀድመው ይጠይቁ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የፖለቲካ እንቅስቃሴያችሁን የሚገድብ ሃች አክት የሚባል ሕግ አለባችሁ። ሕጉ ፓርቲ በሌለበት ምርጫ መወዳደርን ይፈቅዳል፤ የፓርቲ ድጋፍ ሲገባበት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ለማንም ከመናገርዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን የሥነ ምግባር ክፍል ያማክሩ።

ቦርዱ ምን እንደሚችል ይወቁ

ቦርዱ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ (ሱፐርኢንተንደንቱን) ይቀጥራል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ፖሊሲ ያወጣል፣ የትምህርት ቤቶችን ወሰን ያሰምራል። የማይችለውን ማወቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። በቨርጂኒያ ስኩል ቦርድ ግብር አይጥልም። አብዛኛው የአካባቢ ገንዘብ የሚመጣው በፌርፋክስ ካውንቲውን ከሚያስተዳድረው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ፣ በአሌክሳንድሪያ ከከተማው ምክር ቤት ነው። ታዲያ “የቤት ታክስ አስቀንሳለሁ” ብሎ የሚነሳ ተወዳዳሪ የተሳሳተ ወንበር ይዟል። ለብቻዎም ምንም ማዘዝ አይችሉም። የፌርፋክስ ቦርድ 12 አባላት አሉት፤ ዘጠኙ ከየዲስትሪክቱ፣ ሦስቱ ከመላው ካውንቲ የሚመረጡ ናቸው። የአሌክሳንድሪያው ዘጠኝ ነው። አንዱን ርዕሰ መምህር ጠርተው መቆጣት የአንድ አባል ሥልጣን አይደለም።

ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ በኢንተርኔትም ይተላለፋሉ። ጥቂቱን ቁጭ ብለው ይዩ። አንዳንዱ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሄድ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ነው። ያ ካሰለቸዎት ሥራው ያው ነውና አሁኑኑ ቢተዉት ይሻላል። ካላሰለቸዎት ለሕዝብ አስተያየት ይመዝገቡና በተሰጠዎት ሁለት ሦስት ደቂቃ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ። የልጅዎ ትምህርት ቤት የወላጆችና መምህራን ማኅበር (ፒቲኤ) ውስጥም ይግቡ። ሰው “ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱ ቀድሞ መኖር አለበት።

125 ፊርማ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስምዎ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እንዲወጣ በሚወዳደሩበት አካባቢ በመራጭነት የተመዘገቡ የ125 ሰዎች ፊርማ ያስፈልጋል። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ መሰብሰብ ይቻላል። ፎርሙ ከቨርጂኒያ ምርጫ መምሪያ ድረ ገጽ ይወርዳል፤ ከፊትና ከኋላ በአንድ ወረቀት ላይ መታተም አለበት። ሁለት የተለያየ ወረቀት በስቴፕል አያይዞ ማቅረብ አይሠራም።

አሁን ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ካለ ሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ክሊፕቦርድ ይዘው ቆመዋል እንበል። የሚወዳደሩት ለፌርፋክሱ ሜሰን ዲስትሪክት ነው። አንድ ጋሼ እንጀራቸውን ይዘው ይወጣሉ።

“ጋሼ፣ የሚኖሩት የት ነው?”

“አሌክሳንድሪያ።”

እንዳይሰናበቷቸው! እንዳያስፈርሟቸውም! ይጠይቋቸው። የፖስታ አድራሻቸው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ቤቶች በእውነቱ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ፎልስ ቸርችም እንደዚያው ነው፤ የራሷ ቦርድ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፣ በስሟ ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው ግን ከከተማዋ ወሰን ውጪም ሞልቷል። ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ “ድምፅ የሚሰጡት የት ሄደው ነው?” የሚለው ነው። ሰውየው በስልካቸው የመራጭነት ምዝገባቸውን ከፍተው ካዩ ዲስትሪክታቸው እዚያው ላይ ተጽፏል። አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ አንድ ፊርማ ያድናል።

ሌላም አለ። “ለባለቤቴም ልፈርምላት፣ መኪና ውስጥ ናት” የሚል ደግ ሰው ይመጣል። አይቻልም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ፣ ፊርማ ሰብሳቢው እያየ ነው የሚፈርመው። ሰብሳቢውም ኋላ ፊርማና መሐላ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት ቀርቦ “ሲፈርሙ አይቻለሁ” ብሎ ይምላል። ክሊፕቦርዱን ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ ትቶ መሄድ ስለዚህ ወረቀቱን ማበላሸት ነው። አድራሻው ከሰውየው የመራጭነት ምዝገባ ጋር ይግጠም፤ ባለፈው ዓመት ቤት የቀየረ ካለ መጀመሪያ ምዝገባውን ያስተካክል። የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የሚጻፉበት ቦታ ሰውን ያስደነግጣል። ግዴታ አለመሆኑን ሳይጠየቁ ይንገሩ።

እኔ ብሆን 200 ሳይሞላ አላቆምም። ፊርማ ሲጣራ መሰረዙ አይቀርም፣ በ126 ፊርማ የሚተኛ ሰው ደግሞ በሰላም አይተኛም።

የቀሩት ወረቀቶች

ከፊርማው ጋር የዕጩነት መግለጫ፣ የብቃት ማረጋገጫና የገንዘብ ጥቅም መግለጫ አብረው ይገባሉ። ለኖቬምበር ምርጫ የመጨረሻው ቀን በጁን ሦስተኛው ማክሰኞ ነው፣ ከምሽቱ 7 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ለአንዲት ደቂቃ መዘግየት እንኳ ይቅርታ የለም። ፌርፋክስ 12ቱንም ወንበሮች ለምርጫ የሚያቀርበው በኖቬምበር 2027 ነው። የአካባቢዎ የመራጮች መዝጋቢ (ሪጅስትራር) ቢሮ ወረቀትዎን ከቀኑ በፊት እንዲያይልዎ ቀደም ብለው ይሂዱ፤ ቀኖቹንም ከእነሱ ያረጋግጡ።

በድምፅ መስጫው ላይ ዶ/ር፣ ኢንጂነር፣ ቀሲስ የሚል ማዕረግ አይጻፍም። ስም ብቻ ነው።

ገንዘብ

አንድ ዶላር ከመሰብሰብዎ ወይም ከማውጣትዎ በፊት የዘመቻ ኮሚቴ ያስመዝግቡና የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ከራስዎ ሒሳብ ጋር መቀላቀል ነገር ያመጣል። በቨርጂኒያ አንድ ሰው የሚሰጠው መጠን ጣሪያ የለውም፣ ከማን እንደሚቀበሉ ግን ገደብ አለ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ወንድምዎ፣ ዱባይ ያለች የአክስትዎ ልጅ፣ በተማሪ ቪዛ ያለ ወይም የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቅ ወዳጅዎ አይችሉም። የፌዴራል ሕግ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሲደሰት ቆጥሮ አይሰጥም፣ ካሽ ኪስዎ ውስጥ ይከትልዎታል። ስሙንና አድራሻውን ሳይጽፉ አይቀበሉ። በሚያሳትሙት ነገር ሁሉ ላይም ማን እንደከፈለበት መጻፍ አለበት፤ አማርኛው በራሪ ወረቀት ላይም ጭምር።

ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ለዘመቻዎ እንዲያዋጡ ወይም ከመድረክ ስምዎን እንዲጠሩ አይለምኑ። ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች ናቸው፣ ራሳቸውን ችግር ውስጥ ይከታሉ። አስፈቅዶ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሰላም ማለት ግን ማን ይከለክላል?

ድምፅ ቆጠራ ከዘመቻው ይጀምራል

“ሐበሻው ብቻ ቢመርጠኝ ይበቃኛል” የሚል ስሌት ሲሰሙ ይጠንቀቁ። ስንቱ ዜጋ ነው? ከዜጋው ስንቱ ተመዝግቧል? ከተመዘገበው ስንቱ በአካባቢ ምርጫ ወጥቶ ይመርጣል? ስኩል ቦርድ ደግሞ ከወረቀቱ ግርጌ ነው የሚገኘው፣ ላይኛውን መርጦ የሚሄድ ብዙ ነው። ያገሩ ልጆች መነሻዎ ይሁኑ፤ ቀሪው ግን የሌላውን ወላጅ በር በማንኳኳት ይመጣል።

ወረቀቱ ላይ ፓርቲ አይጻፍም። ሁለቱም ፓርቲዎች ግን የሚደግፉትን መርጠው ከምርጫ ጣቢያ ውጪ የስም ዝርዝር ያድላሉ። ያንን ድጋፍ ከፈለጉ የአካባቢውን ኮሚቴ ቀደም ብለው ማነጋገር አለብዎት፤ ካልፈለጉትም እንደሌለዎት አውቀው ይዘጋጁ።

ቀድሞ ድምፅ መስጠት (ኧርሊ ቮቲንግ) ከምርጫው ቀን 45 ቀን በፊት ይጀምራል። ይሄ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው፣ ሰው ሁሉ በሚሰባሰብበት ሰሞን። በምርጫው ማክሰኞ ኡበር ለሚነዳ፣ ፓርኪንግ ለሚሠራ፣ ሆስፒታል ሌሊት ለሚገባ ሰው ጥሩ ዕድል ነው። “ኖቬምበር ላይ እንዳትረሱኝ” ከማለት “ቅዳሜ ሥራ የለዎትም? አብረን እንሂድ” ማለት ይሻላል።

ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የዘመቻው ሒሳብ እስኪዘጋና የመጨረሻው ሪፖርት እስኪገባ ድረስ ሪፖርት ማቅረቡ ይቀጥላል። ይሄን ለገንዘብ ያዥዎ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፣ በኖቬምበር ስልኩን እንዳያጠፋብዎ።